የኋላ መቀመጫ የሌላት ዶቅዶቄ

አባቴ በቅሎ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ደግሞ የእሱ መሞከሪያ ነበርኩ። ለደብር አለቃ ወይም ለደህና ወይዘሮ የምትሆን በቅሎ ሲያስማማ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ኮርቻው ላይ ያወጣኝና የቅዳሜን ገበያ ዳር ለዳር ያዞረኛል። ስወርድ «ወገብሽ ምን ይላል?» ይለኛል። እኔም «ትደላለች» ወይም «ታንገጫግጫለች» እላለሁ። ሻጩ ቢቆጣም ባይቆጣም ወገቤ ያለውን ነው የምናገር። ትምህርቴ ይኸው ነበር። ፊደሉን የለቀምኩት በስተርጅና፣ የልጅ ልጄ ስታጠና ከጎኗ ቁጭ እያልኩ ነው።

አባቴ ታዲያ በገበያ ባየው ብቻ አይገዛም። «በገበያ የምታየው የሻጩን በቅሎ ነው፤ የራስህን በቅሎ የምታያት ጎህ ሲቀድ ነው» ይል ነበር። አንካሳ በቅሎ ስትሟሟቅ ማንከሷን ትተዋለች። ብልጥ ሻጭ ገዢ ሳይመጣ ወዲያ ወዲህ ያመላልሳትና እግሯን ያፍታታዋል፤ ገዢው ሲደርስ እንደ ጤነኛ ትራመዳለች። ስለዚህ አባቴ ሰው ሳይነሳ የሻጩ ደጅ ይገኛል። መጀመሪያ እጁን ከሆዷ ሥር ይሰዳል፤ ላብ ከነካው ሰላምታ ሰጥቶ ይመለሳል። ቀጥሎ ያደረችበትን መሬት ያያል። ጥርስና ኮቴ ማየት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ያገባሁት የልብስ ስፌት ማኪና የሚጠግን ሰው ነው። ጣልያን ከወጣ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ልብስ ሰፊ በየበረንዳው በዝቶ ነበር፤ በአይከልም በኮላ ድባም እንዲሁ። መርፌ የሰበረ፣ ክር የበጠሰ ማኪና ያለው ሁሉ ባሌን ያስጠራል። በቅሎ ነበረችን። የመሣሪያውን ሳጥን እንጭንባትና እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን እንሄዳለን፤ የደከመው ትንሽ ይቀመጥባታል። መንገድ ላይ የሚያሳድሩን ሰዎች ነበሩ። ስንደርስ ድርሻችን እሳት ዳር ተጠብቆ ይቆየን ነበር። እኔ እንግዲህ ከቤት ይልቅ መንገድ የሚስማማኝ ሰው ነኝ። አንዳንዱ ሰው ሲሄድ ይደክመዋል፤ እኔ ስቀመጥ ነው የሚደክመኝ።

አንዲት ልጃችንን ለአይከል ሰው ድረናት ነበር። ባሌ በአይከል ገበያ ማኪና ሲፈታ ሲገጥም እኔ ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ። አማቾቿ እርስ በርሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚጫወቱት፤ እኔ ስገባ ግን ወሬያቸውን ከመሀል ቆርጠው ወደ አማርኛ ይመለሱልኛል። ይህቺን ክብር እወዳት ነበር። ልጄ ደግሞ ከሁሉም ኋላ፣ ሰው ሲተኛ፣ ራሷን ጭኔ ላይ ታደርግና ጠጉሯን እጎነጉንላታለሁ። ከሠርጓ ወዲህ የቀረን ይኸው ነበር።

በአንድ ክረምት በቅሏችን ሞተች። ባሌ ጥቂት ቀን ተከዘና «ሌላ በቅሎ አልገዛም፤ ዶቅዶቄ ነው የምገዛ» አለኝ። በጣልያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ሲላላክ መንዳት ተምሮ ነበር።

«በቅሎ ሁለት ቀን የምትፈጅበትን መንገድ በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለች» አለ።

«እኔስ?»

«አንቺማ ከኋላ ነዋ። እሜቴ በነጠላቸው አቧራ እየመከቱ እኔ እንደ አሽከር እየነዳሁ።»

ሳቅሁ። ከሳቁ ሥር ግን ፍርሃት ነበረኝ። በእግር ብቻዬን አይከል አልሄድ፣ ዱሩ ሽፍታ አለበት ይባላል። የጭነት መኪና አልፎ አልፎ ቢገኝም ሴት ብቻዋን ከማታውቀው ሾፌር ጋር በጆንያ ላይ ተጭና ብትሄድ ስሟ ቀድሟት ይደርሳል። ከልጄ የሚያደርሰኝ ከዚያች ዶቅዶቄ ጀርባ ላይ የሚገኝ ቦታ ብቻ ነበር። ቦታው ካለ መንገዴም ልጄም አሉ። ከሌለ ጎንደር ላይ አራት ግድግዳ ይዤ መቅረቴ ነው።

መጀመሪያ ያየናት ፒያሳ ቡና ቤት ያለው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ጣልያኖቹ ሲወጡ የቀረች፣ ቀይ ቀለም የተቀባች። ከሁሉ በላይ ዓይኔ የገባው የኋላ መቀመጫዋ ነው፤ ከሥሩ ሽቦ ጥምዝምዝ ያለው፣ በቆዳ የተለበደ፣ እግር ማሳረፊያ ያለው።

«ይቺማ ሙሽራ ናት» አለ ባለቤቱ። «ከጫጉላዋ አልወጣችም። ስትበላ ስትጠጣ ከርማለች እንጂ ሥራ አታውቅም።»

«ያረፈች ናት ማለት ነው» አለ ባሌ ደስ ብሎት።

«ያረፈች።»

የእኛ አገር ሰው ያረፈች በቅሎ ሲባል ልቡ ይሸነፋል። እረፍት ለበቅሎ ሥጋ ነው፤ ለብረት ግን ዝገት መሆኑን ያኔ ከሁለታችን ማንም አላወቀም። ባሌ ጆሮውን አስጠግቶ ድምጿን ሰማ። ስፌት ማኪና በድምጿ ነው የምትታወቅ፣ ይቺም እንዲያው ናት ብሎ። «አትንጫጫም» አለኝ በሹክሹክታ።

«ተቀመጪ እስቲ ልጄ» አለኝ ሽማግሌው። «ብረት ነው ብለሽ አትፍሪ፤ አትራገጥም።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ተቀመጥኩ። ባሌ ከፒያሳ ወደ ቀሃ ወንዝ ቁልቁል ነዳት። ምን ብዬ ልንገራችሁ። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ወገቤ ግን አንዱንም ድንጋይ አልቆጠረም፤ ሽቦው ተቀብሎ መልሶ ያነሳኛል። አባቴ ለእቴጌ ትሆናለች የሚላት በቅሎ እንኳ እንዲህ አልደላችኝም። መያዣ ስላጣሁ የባሌን መቀነት ያዝኩ። በእግር ስንሄድ እሱ ቀድሞ እኔ ራቅ ብዬ ተከትዬ ነው፣ ባልና ሚስት በአደባባይ ተያይዘው የሚሄዱበት አገር አልነበረም። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አዩንና አንዷ «ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ እንዳያመልጥሽ» ብላ ጮኸችብኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ፊቴን በጀርባው ሸፍኜ ሳቅሁ። ሽቅብ ስንመለስ አይከል ድረስ እንዲህ እንደምሄድ፣ ልጄ ከበሯ ወጥታ ስታየኝ ምን እንደምትል ሁሉ አስቤ ጨረስኩ።

«እንግዛት» አለ ባሌ እንደወረድን።

አፌን ምን እንዳስከፈተኝ አላውቅም፤ የለመደ አፍ ነው። «ነገ ጎህ ሲቀድ መጥተን እንያትና» አልኩ።

ባለ ቡና ቤቱ ሳቀ። «ልጄ፣ ይቺ እኮ ገብስ አትበላም።»

«ቢሆንም አያ፣ የአባቴ ወግ ነው።»

በማግስቱ ብርዱ ሳይለቅ ሄድን። ሽማግሌው ጋቢውን ተከናንቦ በሩን ከፈተልን። ዶቅዶቄዋ ከማድቤቱ ጎን ካለው ዳስ ሥር ቆማለች። ባሌ ጎማዋን ሲጫን፣ ካቴናዋን ሲስብ፣ እኔ ሳላስበው እጄን ሰድጄ ሆዷ ላይ፣ ሞተሯ ላይ አሳረፍኩት። ሞቃት ናት። ያደረ ብረት በዚያ ውርጭ እጅ ማደንዘዝ ሲገባው ይቺ ግን ገና ከእሳት እንደወረደ ድስት ናት። ዝቅ ብዬ ያደረችበትን መሬት አየሁ። ከሥሯ አመድ ተበትኗል፤ ገና ትኩስ አመድ፣ የሰው እግር ያልረገጠው። በጣቴ ጫር ባደርገው ከሥሩ ጥቁር ዘይት ወጣ።

ባሌ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ሽማግሌው አየኝ፤ እኔም አየሁት። እንደው ዝም ብትይስ የሚል ዓይን ነበረው፣ ወይም እኔ ለራሴ ያልኩትን ከእሱ ዓይን ላይ አነበብኩት። ዝም ብል ትገዛለች። ብትገዛ ያ መቀመጫ የእኔ ነው። ትናንት የያዝኩት መቀነት ገና እጄ ላይ አለ። ባሌ መርገጫዋን ረገጠ፣ እሷም ወዲያው ተነሳች፣ «አየሽ» ብሎ ዞሮ ሳቀልኝ።

ያን ጊዜ ባሌ ብቻውን ታየኝ። ሁሌ አብሬው አልሄድም፤ እታመማለሁ፣ ዓመት በዓል አለ፣ ለቅሶ አለ። ሲመሽ ከአዘዞ ወዲያ ካለው ዱር ውስጥ፣ ሳጥኑን ይዞ፣ ከሞተች ብረት ጎን ቆሞ ታየኝ።

«ተሟሙቃለች» አልኩ።

ባሌ ሞተሯን አጠፋ። «ምን አልሽ?»

«ሳንመጣ አሟሙቀዋታል። መሬቱንም እየው።»

ሽማግሌው ጋቢውን አስተካከለ። «ብርድ ነው ብዬ ነው እንጂ ልጄ። ለእንግዳ ቡና ይሞቅለት የለም?» አለና ራሱ ሳቀ። ባሌ ግን አልሳቀም፤ አመዱን በጫማው ገልጦ ለረጅም ጊዜ አየው። ስንወጣ ሽማግሌው በሩ ላይ ያዝ አደረገኝና በቀስታ፣ ያለ ቂም፣ «አንቺ ልጅ፣ መቀመጫዋን ወደሻት ነበር እኮ» አለኝ።

«ወድጃት ነበር አያ» አልኩት።

ሁለተኛይቱ የነበረችው አዘዞ፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ነው። ባለቤቷ በመንገዱ ላይ ላሉት ሠራተኞች መልእክት ሲያመላልስባት የኖረ፣ ዓይኑ እየደከመ የመጣ ሰውዬ ነው። ጎህ ሲቀድ ደረስን፤ እሱም አልደነቀውም። መልኳ አመድማ ነው፣ መብራቷ በሽቦ ታስሯል፣ መሪዋ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ከእጁ ላብ ጠቁሯል። እጄን ሳሳርፍባት ብርዱ እስከ ክንዴ ገባ። ከሥሯ ያለው መሬት ደረቅ ነው።

«እንከኗን ልንገራችሁ» አለ ሳንጠይቀው። «ፍሬኗ ሰነፍ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ቀድማችሁ አስቡ። ኮርቻዋ ድንጋይ ነው፤ ሰው አትወድም፣ ሥራ ነው የምትወድ። ግን እኔን ዱር ላይ ጥላኝ አታውቅም።»

አንዴ ረገጣት፣ ሳል ሳል አለች። ሁለተኛ ሲረግጣት ተነሳች። ጭሷ ስስ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም ጠፋ። ሰውየው እጁን ኮርቻው ላይ እንዳሳረፈ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ።

የኋላ መቀመጫ የላትም። መቀመጫ በሚሆንበት ቦታ ዕቃ መጫኛ ብረት አለ፣ ሦስት ዘንግ በዘንግ ላይ የተበየደ። ባሌ ብረቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ፊት ባለው ኮርቻ ላይ ተቀምጬ ሞከርኩለት፤ ሰውየው አልዋሸም፣ ድንጋይ ነው።

«ምን ትያለሽ?» አለኝ ባሌ።

እግር የማያስቆም ውሃ እንደሚሻገር ሰው ትንፋሼን ያዝ አደረግሁ። «ይቺ ታደርስሃለች» አልኩት። «ትመልስሃለችም።»

«መቀመጫውን አንጥረኛ ዘንድ ወስጄ አሠራለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። «የገና በዓል ሳይደርስ።»

አውቆ አልዋሸኝም። ግን ብረቱ ላይ የመሣሪያው ሳጥን ልክ ሆነ፤ እሱ ላይ የመለዋወጫው ከረጢት ተጨመረ፤ ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ። ጎረቤቴ የሆነች ሴት አጥር ተደግፋ «ባልሽ በቅሎውን በጭስ ለወጠ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እሱ ግን ለዶቅዶቄዋ የበቅሎዋን ግላስ አለበሳት፣ ማታ ማታ ብርድ እንዳይመታት። ሰንበት አያስነሳትም፤ እሷም ትረፍ ይላል።

እንዳለውም በግማሽ ቀን አይከል ይገባ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በማግስቱ ይመለሳል። እኔም የአይከልን ወሬ ከአፉ እጠብቃለሁ። «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» ነው የሚለኝ፤ ወንድ ወሬ አያመጣም። ምን ለብሳ ነበር፣ ከሳች ወይስ ወፈረች፣ ሰው ሲስቅ ትስቃለች ወይ፣ ብዬ ብጠይቀው ግራ ይገባዋል። ኋላ ደግሞ የእጁን ሙያ ከአይከል ወዲያ ያሉ ሰፊዎች ሰሙ፤ ዶቅዶቄዋ ስለምትችል እሱም እምቢ አይልም። አንዱን ሲጨርስ ሌላው ይጠራዋል። በቅሎ ብትሆን ትደክማለች፣ ጀርባዋ ይላጣል፣ ክረምት ሲገባ ሁላችንንም ቤት ታስቀምጠናለች። ይቺ አትደክምም። የመረጥኳትም ለዚሁ ነበር።

የምሽት ነገር አይወራም። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ምጣኔው ይጠፋል፤ ሁሌ ይበዛብኛል። ጆሮዬ ሰላ። ከአዘዞ በኩል የሚመጣ ማናቸውም ሞተር ከሩቅ ይለየኛል፤ ይኼ የጭነት ነው፣ ይኼ የወታደር ነው፣ ይኼ የእኛ ነው። የእኛ የሆነ ቀን ተነስቼ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። የእኛ ያልሆነ ቀን ደግሞ ተቀምጬ እቀራለሁ።

ያቺን ቀይ ዶቅዶቄ አንድ ነገረ ፈጅ ገዛት። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከቀሃ ወዲህ ባለው አቀበት ላይ አገኘኋቸው፤ ቆማባቸው ባልና ሚስት ሽቅብ ሲገፏት። ሚስቲቱ ጫማዋን አውልቃ በመሪው ላይ ሰቅላዋለች። እሱ «ግፊ እንጂ፣ ምሳሽን የት አደረግሽው?» ይላታል፤ እሷ «አንተ ነህ ሬሳ የገዛኸው፣ አንተው ቅበረው» ትለዋለች። እየተሳደቡ ሁለቱም በሳቅ አቅም አጥተዋል። ጉልበቴ ተልጦ እስኪደማ ድረስ ብገፋላቸው ደስ ባለኝ። መንገድ ለቅቄ ቆምኩላቸውና እስኪታጠፉ ድረስ አየኋቸው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እሳት አላነደድኩም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ባሌ ወደ አይከል ሄዶ ሳይመለስ ሰነበተ። አንድ ጠዋት የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤቴ ሰጠሁና በእግሬ ወጣሁ። ሽፍታውንም የስሜን መጥፋትም ፈርቼ ፈርቼ ጨርሼው ነበር። አዘዞ ላይ ወደ አይከል የሚሄዱ ጨው ነጋዴዎች አገኘሁ፤ አሮጊት ባልሆንም ቀርቤ «ከእናንተ ጋር ልሂድ» ስላቸው ማንም ምነው አላለኝም። የመጀመሪያውን ሌሊት እኛ በበቅሎ ዘመን እናድርበት የነበረ ቤት አደርን። ሴትየዋ «ባልሽስ?» አለችኝ። «ቀድሞኛል» አልኳት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ድምጿን ሰማሁ። የእኛ ናት። ከአይከል በኩል ወደ ጎንደር እየመጣች ነው። እንድታልፍ ጓደኞቼ ወደ ዳር ወጡ፤ እኔ መንገዱ ላይ ቆየሁ። ባሌ አየኝ፣ አላመነም፣ አልፎኝ ሄዶ ቆመ።

«ምነው፣ ወዴት ነሽ?»

«ልጄ ዘንድ።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱ ምን እግር አለው፣ ባለበት ነው። ቁልፉ ጎረቤት አለ።»

ሞተሯን አጠፋት። ጨው ነጋዴዎቹ «ከላይ እንጠብቅሻለን» ብለው ቀስ እያሉ ሄዱ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ከቋጠሮዬ ቆሎ ዘገንኩለት። አቧራ ቅንድቡን አሽብቶት ነበር።

«ልጅቷን አየሃት?»

«ጠዋት በደጇ አልፌያለሁ። ከበሯ ሆና እጇን አነሳችልኝ።»

«አልገባህም?»

«ችኮላ ነበረብኝ» አለና ቆሎውን በእጁ ላይ አገላበጠው። ተነስቶ ሳጥኑን ፈታ፣ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ጋቢውን አጣጥፎ ብረቱ ላይ አነጠፈልኝ። «ነይ እስቲ፣ መልሼ አይከል ላድርስሽ።»

ወጣሁና መቀነቱን ያዝኩ። ጥቂት ሄድን። ዘንጎቹ በጋቢው ውስጥ አልፈው አንድ በአንድ ቆጠሩኝ፤ ለእያንዳንዱ ጠጠር አጥንቴ መለሰ። ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ፣ ከዚያ ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት። «አውርደኝ። እንዲህ ሆኜ ብደርስ ልጄ እንደ አራስ ነው የምታስተኛኝ።»

ወረድኩ። ሁለታችንም ዶቅዶቄዋን እናያለን።

«ገፍቼያት አብሬሽ ልሂድ?» አለኝ።

«ጎንደር የሚጠብቅህ የለም?»

የፋሲካ ልብስ የተቀበለ ሰፊ ማኪናው ቆማበት ሰው እንደሚልክብን አውቃለሁ፤ እቤት እያለሁ ሁለቴ ልኮ ነበር።

«ሂድ» አልኩት። «ለፋሲካ እመለሳለሁ። ወጡ ማሰሮው ውስጥ አለ፣ እንደ ልማዴ አብዝቼዋለሁ።»

ሳጥኑን መልሶ ጫነ፣ ገመዱን ከሚያስፈልገው በላይ አጠበቀው። ጋቢውን ለእኔ ሊሰጠኝ ፈለገ፣ አልተቀበልኩም። ኮርቻው ላይ ወጥቶ እግሩን መርገጫው ላይ አሳረፈ። ያን ጊዜ በልቤ፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ እምቢ በይው አልኳት። ቀኑን ሙሉ እንኳ ባይሆን እስከ ቀትር። እዚህ ዳገት ላይ ቁሚና እኔም ልግፋሽ፣ እሱም ይስደበኝ።

አንዴ ረገጣት፤ ተነሳች።

እጁን አንስቶልኝ ሄደ። ጨው ነጋዴዎቹን ከላይ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንዷ ሴት «ማነው ሰውየው?» አለችኝ።

«ባሌ ነው።»

«ምነው ታዲያ፣ ዶቅዶቄዋ ሰው አትጭንም?»

«የሥራ ናት» አልኳት። «ጠንካራ ናት፣ አታስቸግርም።»

ሴትየዋ ሌላ አልጠየቀችኝም። ከሸክሟ ትንሿን ቋጠሮ ፈታ ሰጠችኝና ተሸከምኩላት፤ ባዶ እጅ ሆኖ ከመሄድ ይሻላል። ነፋሱ ከአዘዞ በኩል ነበር የሚመጣ፤ ድምጿን ለረጅም ጊዜ አመጣልኝ፣ ከዚያ ተወው።